ጠላው እንጀራችን ነው፣ እኔ ግን ትቻለሁ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። መጠጥ ከተውኩ አምስት ወር ሆነኝ። ችግሩ ባለቤቴ ጠላ ጠምቃ ትሸጣለች፤ የቤት ኪራዩም የልጆቹ ደብተርም ከዚያው ነው። ጋኑን ከአልጋችን የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። አዲስ ጋን በተከፈተ ቁጥር ሽታው እንቅልፍ ይነሳኛል። ማታ ደንበኛ ሲበዛ ደግሞ የምቀዳው እኔ ነኝ። ሥራሽን ተዪ አልላት ነገር! ምን ይሻለኛል?
አባወራው፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ወንድሜ፣ «መጠጥ ቤትህ አይግባ» የሚለው ምክር ላንተ አይሆንም። ያደግሁት አረቄ በሚወጣበት ቤት ነው። እናቴ ድፍድፉን ጥዳ፣ የመጀመሪያውን ገና ሳይቀዘቅዝ በመለኪያ ቀድታ «እስቲ ቅመሳት» የምትለው እኔን ነበር። «የሱን ምላስ የሚያህል የለም» እየተባልኩ ነው የጎረመስኩት። ስተው ከመጠጡ ይልቅ የከበደኝ ያን ሹመት መመለስ ነው።

እናም ልጠይቅህ፤ ጠላው መድረስ አለመድረሱን የሚቀምሰው ማነው? አንተ ከሆንክ ዛሬውኑ ተወው። መቅዳቱንም እንዲሁ። ወጉን ታውቀዋለህ፤ የሚቀዳ ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ነው ለእንግዳ የሚሰጠው። ሳትቀምስ ብትሰጥ «ምን ቢኖርበት ነው?» ይልሃል ደንበኛው። ብትቀምስ ደግሞ አምስቱ ወር መዳፍህ ላይ ቀረ። ከቀጂነት ውጣ እንጂ ከሥራው አትሽሽ። ጌሾውን ውቀጥ፣ ብቅሉን አስፈጭ፣ ውሃውን ቅዳ፣ ጋኑን በወይራ እጠን። አተላውን ግን ሌላ ሰው ይድፋ። (እኔን አንዴ የጣለኝ አተላ ነው፣ ሳቅ እንጂ!)

አልጋውን አዙረው፤ ራስጌህ ከጋኑ ይራቅ። ጋን የሚከፈትበትን ቀን አስቀድመህ እወቅ፣ በዚያ ሰዓት ገበያ ሂድ። አምሮቱ መጥቶ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ባዶ ሆድ ላይ ግን ይበረታል፣ ስለዚህ ደንበኛ ከመግባቱ በፊት እራትህን ብላ። ቀሪቦ ይሻለኛል እንዳትል፤ ካደረ እሱም ይፈላል።

ይህን ለምታነቡ ሌሎች፦ አረቄ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያንዘፈዝፈውም ይችላል። ከማቆሙ በፊት ሐኪም ይየው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት፤ ለባለቤትህ «ሽታው አስቸገረኝ» ብለህ መናገርህን የትም አላየሁም። ከኔ በፊት ለሷ ንገራት። እኔ ለእናቴ ስነግራት ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። ከዚያ በኋላ አረቄዋን የምትፈትነው ጠብታ እሳቱ ላይ ጣል አድርጋ ነበልባሉን በማየት ሆነ።