የጠዋቱ ሎግ ፋይል የት ገባ? ከጅማ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶች

በስማቸው ላይ ቀንና ሰዓት የሚይዙ ሎግ ፋይሎችን (ማሽኑ የሠራውን የሚመዘግብባቸውን) ስለሚፈጥሩ ስክሪፕቶች (ኮምፒውተሩ በተርታ የሚፈጽማቸው ትዕዛዞች የተጻፉባቸው ፋይሎች) ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከማተሚያ ቤት፣ ከሱቅ፣ ከቡና መጋዘን ሳይቀር ጥያቄ መጣ። አብዛኞቻችሁ «ስክሪፕቴ ተበላሸ» ትላላችሁ። ስክሪፕቱ ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። ማን ቆጠረው? በምን መልክ ተጻፈ? ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሂርማታ ማተሚያ ቤት አለኝ። ባች ፋይሌ (የዊንዶውስ ስክሪፕት ነው) በየሰዓቱ አንድ ሎግ ይፈጥራል። ከሰዓት በኋላ ምንም አይልም። ጠዋት ግን ፋይሉ የለም። ምን ነካው?

መልስ፦ ጠዋት 4 ሰዓት ሲሞላ ይስተካከላል አይደል? ዊንዶውስ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚሰጥህ። ከ10:00 በፊት ሲሆን ደግሞ 09 ብሎ አይጽፍም፤ ከ9 በፊት ባዶ ቦታ ይተዋል። ባች ፋይል ባዶ ቦታውን ሲያይ ስሙ እዚያ ያለቀ ይመስለዋል። ፎልደሩን እስቲ ክፈተው። ስሙ መሃል ላይ የተቆረጠ፣ ቅጥያ (እንደ .txt ያለ መጨረሻ) የሌለው ፋይል ሳይኖር አይቀርም። የጠዋቱ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ባዶ ቦታውን በ0 ተካው፤ ሙሉ ስሙንም በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገባው።

እግረ መንገድህን : እና / ከስሙ ውስጥ አውጣቸው። ዊንዶውስ በፋይል ስም ላይ አይቀበላቸውም። የሚገርመው የኛን ሁለት ነጥብ (፡) ይቀበላል። ግን አታድርገው፤ በኋላ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ፋይሉን ስትፈልግ ራስህን ትረግማለህ። ከቻልክ ደግሞ ባቹን ትተህ በፓወርሼል፣ በሌላው የዊንዶውስ ስክሪፕት ቋንቋ፣ ጻፈው። የባች ቀን አጻጻፍ በኮምፒውተሩ የአገር ሴቲንግ ይቀያየራል። እዚህ የሰራው ሌላ ማሽን ላይ ዓመቱንና ቀኑን ያማታብሃል።

ጥያቄ፦ ፋይሌ ወሩን 47 ይላል!

መልስ፦ ወር የጻፍሽ መስሎሽ ደቂቃ ጽፈሻል። በሊኑክስ ዴት ትዕዛዝ ትንሹ ኤም ወር ነው፣ ትልቁ ኤም ደቂቃ። በፓወርሼል ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ትልቁ ወር፣ ትንሹ ደቂቃ። ከአንዱ ወደ ሌላው ኮፒ ያደረገ ሁሉ እዚህ ይወድቃል። ሰዓቱንም በ24 አድርጊው። በ12 ከሆነ የጠዋቱና የማታው ፋይል አንድ ስም ይይዙና አንዱ ሌላውን ሊያጠፋው ይችላል።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ላይ በእጄ ራን ሳደርገው ይሰራል። ክሮን (ስክሪፕትን በተወሰነለት ሰዓት የሚያስነሳው) ውስጥ ሳስገባው ዝም ይላል።

መልስ፦ ትዕዛዙ ውስጥ % አለ? ክሮን % ሲያይ ትዕዛዙ አለቀ ብሎ ይቆርጠዋል። ከፊቱ \ አድርግበት። እኔ ግን ቀኑን የሚያዘጋጀውን ሁሉ ስክሪፕቱ ውስጥ አስገብቶ ክሮን ላይ የስክሪፕቱን ሙሉ አድራሻ ብቻ መጻፍ እመርጣለሁ። ፎልደሮቹንም በሙሉ አድራሻ ጻፍ። ክሮን አንተ የቆምክበት ፎልደር ላይ አይደለም የሚነሳው።

ጥያቄ፦ ቡና መጋዘን ውስጥ ሙቀትና እርጥበት የሚመዘግብ ሰርቨር አለን። የፋይሉ ሰዓት ከእጅ ሰዓቴ ሁልጊዜ 3 ሰዓት ይቀድማል። ሰርቨሩ ይቸኩላል እንዴ?

መልስ፦ ጋሼ፣ የእጅ ሰዓትዎ በሀበሻ አቆጣጠር ነው አይደል? እንግዲያው ሰርቨሩ አልቀደመም፤ እንዲያውም 3 ሰዓት ወደኋላ ነው ያለው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የአገራችን ሰዓት በፈረንጅ አጻጻፍ 09:00 ነው። በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ዩቲሲ በሚሉት፣ ደግሞ 06:00 ነው። ሰርቨሩ 06 ጽፏል፣ እርስዎ 3 ይላሉ፣ ስለዚህ የቀደመ ይመስላል። ይህን ያልተረዳ ሰው ሰዓቱን በእጁ 3 ሰዓት ወደኋላ ይመልሰዋል። ያኔ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

የሰዓት ክልሉን «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ላይ ያድርጉት፣ ሰዓቱን አይንኩት። ከዚያ በኋላ የሚያዩት ልዩነት 6 ሰዓት ይሆናል። እሱ የአቆጣጠራችን ልዩነት ነው፤ ምንም የሚጠገን ነገር የለውም። ሰርቨሮቻችሁ ብዙ ከሆኑና አንዱ ውጭ አገር ካለ ደግሞ ሁሉንም ዩቲሲ ላይ ተዉአቸውና ስሙ መጨረሻ ላይ ይህንኑ ጻፉ።

ጥያቄ፦ አለቃችን የፋይሉ ስም በኢትዮጵያ ቀን ይሁን ይላሉ። ችግር አለው?

መልስ፦ ስሙ ላይ ብቻ ከሆነ የለውም። ዓመት-ወር-ቀን ብለሽ ወሩንና ቀኑን በሁለት አሃዝ ጻፊ። ጳጉሜንም 13 ብለሽ ታስገቢያለሽ፤ በቅደም ተከተል ይደረደራል። ጣጣው ሌላ ፕሮግራም ስሙን ሲያነበው ነው። በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ወር 13 ሲያይ ስህተት ነው ብሎ ይቆማል። ጥቅምት 30 ላይም ይወድቃል፣ ምክንያቱም 02 ለእሱ ፌብሩዋሪ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ግን በሌሎቹ ቀናት ዝም ብሎ መቀበሉ ነው። ከ30 ቀን በላይ የቆየውን ሰርዝ የሚል ስክሪፕት ካላችሁ የዛሬው ፋይል የ7 ወይም የ8 ዓመት ዕድሜ ያለው ይመስለዋል። ሁሉንም ጠርጎ ያጠፋዋል! ለአለቃሽ የኢትዮጵያውን ቀን ፋይሉ ውስጥ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፊላቸው። ስሙ በፈረንጅ ይቆይ።

ጥያቄ፦ አንድ ጊዜ ሳስኬደው ሌሊት ላይ ሁለት ፋይል ይፈጥራል።

መልስ፦ ዴትን በየመስመሩ እየጠራኸው ነው። አንዱ መስመር ከእኩለ ሌሊት በፊት፣ ሌላው ካለፈ በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ ላይ አንዴ ጠርተህ ቫሪያብል (ስክሪፕቱ ዋጋ የሚያስቀምጥበት ስም) ውስጥ አስቀምጠው።

ጥያቄ፦ ስሙ መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክት ይታያል። ፋይሉን በስሙ ስከፍተው «የለም» ይለኛል።

መልስ፦ ስክሪፕቱን ዊንዶውስ ላይ በኖትፓድ ጽፈህ ወደ ሊኑክስ ወስደኸዋል። የዊንዶውስ መስመር መጨረሻ አንድ የማይታይ ምልክት ትርፍ አለው፤ እሱ ነው ስሙ ላይ የተጣበቀው። ዶስ-ቱ-ዩኒክስ በሚባለው ትዕዛዝ አጽዳው።

ጥያቄ፦ ፋይሉ ይፈጠራል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ስክሪን ላይ ስህተት አያለሁ።

መልስ፦ የስህተት መልእክት በሌላ መንገድ ነው የሚወጣው። ከፋይሉ ስም በኋላ 2>&1 ጨምሪ። በፊት ካስገባሽው አይሰራም።

ጥያቄ፦ ሎጉን በራስበሪ ፓይ 4 (ባለ አንድ ቦርድ ትንሽ ኮምፒውተር) ነው የምይዘው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፋይሉ ያለፈ ቀን ይዞ ይነሳል። አንዳንዴም የቆየው ፋይል ላይ ይጽፍበታል።

መልስ፦ ፓይ 4 ሲጠፋ ጊዜ የሚቆጥርለት ባትሪ ያለው ሰዓት የለውም። ሲነሳ መጨረሻ ላይ ያስቀመጠውን ሰዓት ይዞ ይጀምርና ኢንተርኔት ሲያገኝ ያስተካክላል። መብራት መጥቶ ኔትወርኩ እስኪመለስ የተጻፈው ሁሉ በተሳሳተ ሰዓት ነው። ስክሪፕቱ ሰዓቱ እስኪስተካከል እንዲጠብቅ አድርገው። ኔትወርክ የማይደርስበት መጋዘን ከሆነ ግን መጠበቁ ዋጋ የለውም፤ ዲኤስ3231 የምትባለውን ባለ ባትሪ የሰዓት ሞጁል ግጠምለት። ዴስክቶፕ ላይ ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁም አላችሁ። እናንተ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ቀይሩ፤ በአብዛኛው ሲአር2032 ናት። የቆየው ላይ እንዳይጽፍ ደግሞ ትዕዛዙ ውስጥ ከፋይሉ ስም በፊት > የነበረውን >> አድርጉት።