«ለጥናት ነው እማዬ»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። ከጥር ወዲህ «ከጓደኞቼ ጋር ላጥና» እያለ አመሻሽ ላይ ይወጣል። ሲመለስ ራት አይቀምስም፤ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት መብራት አያጠፋም። ሱሪውን ሳጥብ ከኪሱ የለውዝ ገለፈትና የደረቀ የጫት ቅጠል አገኘሁ። ብጠይቀው «ለጥናት ነው እማዬ፣ ሁሉም ይቅማል» አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ቢራ ቢራ ሸተተኝ። አባቱ ገና አልሰማም፤ ቢሰማ ዱላ ነው የሚያነሣው። ምን ላድርግ?

የጨነቃት እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ቢራውን ከጫቱ ለይተው አይዩት። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እንቅልፍ ያባርራል፣ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። ልጁ መርቅኖ ያመሽና ዓይኑ አልከደን ሲለው፣ ከጓደኞቹ አንዱ «ጨብሲ እናድርግ» ይላል፤ ምርቃናውን በመጠጥ እንስበረው ማለቱ ነው። ራት ባልገባበት ሆድ ላይ ያ መጠጥ ቶሎ ነው የሚሠራው። ቢራው የሚቆመው ጫቱ ሲቆም ነው።

«ለጥናት ነው» ያለዎት ግን ውሸቱን አይመስለኝም፤ የምር ያምንበታል። ዕድሜዬን ባዮሎጂ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። መርቅኖ ሲያሰምር አድሮ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ቀይ አድርጎ የመጣ ተማሪ ነበረኝ፤ ጠዋት ስጠይቀው ካሰመረው አንዱን አልነገረኝም። ያነበቡት የሚረጋው ሲተኙ ነው፤ እንቅልፉ ከሌለ ንባቡም የለም።

ስለ ሱስ ክፋት አይስበኩት፣ ሰልችቶታል። ይልቅ ይህንን ይጠይቁት፦ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዋናነት በዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው የሚሰጠው። ተማሪው ተፈትሾ ይገባል፣ በአብዛኛውም እዚያው ያድራል፤ ጫት ይዞ መግባት የለም። በየቀኑ የለመደ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድብርት፣ ድካም፣ ዱካክ (ጫት ሲቀር የሚመጣው ቅዠት) ናቸው። «እነዚያ ቀናት ፈተናው ላይ እንዲውሉ ትፈልጋለህ ወይስ አሁን እናሳልፋቸው?» ይበሉት። የራሱ ጉዳይ ስለሆነ ያዳምጥዎታል።

ከዚያ ጥናቱን ወደ ቤት ያምጡት። ጓደኞቹንም ጭምር! ሳሎኑን ልቀቁላቸው፣ ቆሎና ሻይ ይቅረብ፣ ራት በጊዜ ይበላ፤ 4 ሰዓት ላይ ተኝቶ ሌሊት 10 ሰዓት ይነሣ። (ፍቅር ሐይቅ ዳር ደብተር ታቅፎ የሚውለውን ሁሉ አጥኚ ነው አይበሉ።) ገንዘቡንም ይመልከቱ። ጫት ለነገ ተብሎ አይቀመጥም፤ በኮባ የሚጠቀለለው እንዳይደርቅ ነው፣ ሲደርቅ ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ በየቀኑ ብር ይፈልጋል። የትራንስፖርት ነው? የደብተር ነው? ወይስ ሌላ ሰው እየጋበዘው?

ጫት መሸጥ በሕግ አልተከለከለም። መጠጥ ግን ሌላ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ከሁለት ሦስት ወላጆች ጋር ሆነው የሰፈሩን ግሮሰሪ ባለቤት በጨዋ ደንብ ያነጋግሩ። ብቻዎን ከሄዱ ጭቅጭቅ ይሆናል።

አባቱን በተመለከተ፣ ይንገሩት። ከሌላ ሰው ከሰማ ዱላው ለእርስዎም ይተርፋል። ግን ልጁ በሌለበት፣ በእሑድ ቀን፣ የቤተሰብ ሽማግሌ የሚሆን አጎት ካለ እሱ ባለበት ይሁን። እዚያው «አትመታውም» የሚለውን ቃል ያስገቡት። የተመታ ልጅ በርጫውን፣ ማለትም ተሰብስቦ መቃሙን፣ ትቶ አያውቅም፤ ቤቱን ነው የሚተወው።

ልጁ ለብዙ ቀን እንቅልፍ ካጣ፣ ሰው ይከታተለኛል ማለት ከጀመረ፣ ወይም ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ እሰማለሁ ካለ ግን ምክሬን አይጠብቁ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ በዚያው ቀን ይውሰዱት። ለሐኪሙም ጫቱንና መጠጡን ሳይደብቁ ይንገሩ።