መልስ፦ ኮከቦቹን አሳልፎ መስጠት ወይስ ዘንድሮውኑ መፎካከር?

በሐምሌ ወር ከጨዋታዎቹ ግማሽ ያህሉን ብቻ ያሸነፈ የቤዝቦል ቡድን ኮከቦቹን ለሌሎች ቡድኖች ሰጥቶ በምትኩ በሚያገኛቸው ወጣቶች እንደ አዲስ ይገንባ ወይስ ለዋንጫ ይታገል ብለው ለጠየቁት፣ በእኔ እምነት አስቀድሞ መታየት ያለበት የተጫዋቾቹ ውል የሚያበቃበት ጊዜ ነው።

የአሜሪካው ቡድን ዋሽንግተን ናሽናልስ እ.ኤ.አ. በ2019 ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ቢሸነፍም ቡድኑን ሳይበትን ቀጥሎ በዚያው ዓመት የወርልድ ሲሪስን (የአሜሪካ ቤዝቦል የፍጻሜ ውድድር) ዋንጫ አንስቷል። በ2022 ግን የቡድኑ ኮከብ ሁዋን ሶቶ የ15 ዓመት የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አልቀበልም በማለቱ ለሳንዲያጎ ቡድን ተሰጠ፤ በምትኩ ከመጡት ወጣቶች መካከል ሲጄ ኤብራምስና ጄምስ ዉድ የሊጉ ምርጦች ለሚገናኙበት የኮከቦች ጨዋታ እስከመመረጥ ቢደርሱም፣ ቡድኑ ከ2020 እስከ 2025 ከተሸነፈው በላይ ያሸነፈበት አንድም ዓመት የለም፤ ይህም ለደጋፊው እጅግ ከባድ ዋጋ ነው።

የሂውስተን ቡድን ከ2011 እስከ 2013 በየዓመቱ ከ100 በላይ ጨዋታ ተሸንፎ በ2017 ሻምፒዮን መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ከ2023 ጀምሮ የወጣቶች ምርጫ (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) የመጀመሪያዎቹ ስድስት ተራዎች በዕጣ ስለሚወሰኑ፣ የመጨረሻ መሆን እንደ ቀድሞው አንደኛውን ተራ አያረጋግጥም። በአንጻሩ የአሪዞና ቡድን በ2023 ከጨዋታዎቹ ግማሽ በጥቂቱ በሚበልጥ 84 ድል ብቻ ወርልድ ሲሪስ ደርሷል። ስለዚህ ውላቸው ዘንድሮ የሚያበቃውን ብቻ ለውጦ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ዓመት የቀራቸውን ማቆየት ይሻላል እላለሁ።