ከርነሉ ፍላሹ ላይ አልገባ ሲል

ከኮምቦልቻ አንድ ወንድማችን በአሮጌ ራውተር ቦርድ የውሃ ታንከር መጠን የሚያሳውቅ መሣሪያ እየሠራ ነው። ፍላሹ (መብራት ሲጠፋ የማይጠፋው ማከማቻ) 4 ሜጋባይት፣ ራሙ 32 ነው። ለከርነል (ለሊኑክስ እምብርት) የተመደበው የፍላሹ ክፍል 1.5 ሜጋባይት ሆኖ ሳለ የገነባው ሊኑክስ 1.9 ወጣበት። ለማሳነስ ብሎ ፕሪንትኬን (ከርነሉ መልእክት የሚያወጣበትን ክፍል) አጠፋ፤ በኔትወርክ ወደ ራም ጭኖ ሲሞክረው ታዲያ ቦርዱ ጭጭ አለ።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፕሪንትኬን መልስ። ቦታ መቆጠቡ እውነት ነው፤ ግን ከርነሉ የት ላይ እንደቆመ የሚነግርህ እሱ ነው። ማጥፋት ካለብህም ሌላው ሁሉ ሠርቶ ካለቀ በኋላ አጥፋው።

ያንተ ችግር የፍላሽ እንጂ የራም አይደለም። መጭመቂያው ጂዚፕ ከሆነ ወደ ኤልዜድኤምኤ ወይም ኤክስዜድ ቀይረው፤ ቡትሎደርህ (ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሊፈታው መቻሉን ግን አስቀድመህ አረጋግጥ። ሲነሳ ትንሽ ይዘገያል፣ ለታንከር ግን ምንም አይደለም። ይህ ራም ላይ ምንም አይቀንስልህም፤ ከርነሉ እዚያ የሚቀመጠው ተፈትቶ ነው። ራምም ከጠበበህ የከርነሉን የመልእክት መያዣ መጠን የሚወስነውን ቁጥር ከ17 ወደ 14 አውርደው፤ ቁጥሩ የ2 ርቢ ስለሆነ መያዣው ከ128 ኪሎባይት ወደ 16 ይወርዳል።

ከዚያ መቁረጥ ጀምር። ድምፅ፣ ብሉቱዝ፣ የማትጠቀምባቸው የፋይል ሲስተሞች፣ ካልሲምስ (የከርነሉ ፈንክሽኖች ስም ሰንጠረዥ)፣ የዲበግ አማራጮች ይውጡ። ኔትወርክህ የማይፈልገው ከሆነ አይፒቪ6ም ይውጣ፤ ከባድ ነው። ከታይኒኮንፊግ (ሁሉም ነገር የተቀነሰበት የከርነል አማራጮች ዝርዝር) ተነሥተህ እየጨመርክ ብትሄድም ይቻላል፤ እኔ ግን ለጀማሪ የሚሠራውን ኮንፊግ ይዞ አንድ አንድ እያጠፉ መውረድን እመርጣለሁ። በየእርምጃው የኮንፊግ ፋይሉን ቅጂ አስቀምጥ። የድሮውንና የአዲሱን ቪኤምሊኑክስ (ያልተጨመቀውን የከርነል ፋይል) በብሎት-ኦ-ሜተር አወዳድር፤ የትኛው ፈንክሽን ስንት ባይት እንደቀነሰ ያሳይሃል። ሳይለኩ መቁረጥ ጊዜ ይበላል።

ድራይቨርን ሞጁል (ከከርነሉ ውጭ ተቀምጦ ሲያስፈልግ የሚጫን ፋይል) ማድረግ የከርነሉን ክፍል ያቃልላል፤ ክብደቱ ግን ወደ ሩትፋይልሲስተም (ፕሮግራሞቹና ፋይሎቹ ወዳሉበት የፍላሽ ክፍል) ነው የሚዛወረው፣ ከ4ቱ ሜጋባይት አይወጣም። የድሮ መመሪያዎች ስሎብን (ለትንሽ ራም የተሠራውን የሜሞሪ አከፋፋይ) ምረጥ ይሉሃል፤ በ2023 ከወጣው ሊኑክስ 6.4 ጀምሮ ከከርነሉ ተወግዷል። በአዲሱ ከርነል በምትኩ ስለብ ታይኒን አብራ።

ፍላሹን ስትጽፍ ቦርዱንም ኮምፒውተሩንም ከባትሪ ጋር አገናኝ። የኛ አገር መብራት መቼ እንደሚጠፋ ታውቃለህ፤ ቡትሎደሩ ያለበትን ክፍል ደግሞ ፈጽሞ አትንካ።