ዋንጫውን ከማዘዛችሁ በፊት

ሰላም ለእናንተ ልጆቼ፤

ከመካከላችሁ አንዷ፣ የተማረችበት አነስተኛ የመምህራን ኮሌጅ የቀድሞ ስፖርተኞቹን ሊያከብር መሆኑን ገልጻ «ዋንጫ ይሻላል ወይስ ሜዳሊያ?» ብላ ጽፋልኛለች። አጭሩ መልስ፦ ሁለቱም ይቅርባችሁ። ዋንጫ አቧራ ይሰበስባል፤ ሜዳሊያውን ደግሞ ሰዎቹ በዘመናቸው አጥልቀውታል። ስም፣ የውድድር ዓይነት፣ ቦታ፣ ቀንና ውጤት የተቀረጸበት፣ የመጽሐፍ ገጽ የሚያህል የነሐስ ሰሌዳ ይበቃል። ጥያቄዋ ግን አንድ የቆየ ቁጭት ቀስቅሶብኛልና ወደ ምክሩ እስክደርስ ታገሡኝ።

ስሙን የማልጠራው ኮሌጅ ነው። የ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል ቡድኑን ለማክበር ተነሣ። ከስፖርት ክፍሉ ቁም ሣጥን አንድ ኔጌቲቭ፣ ማለትም ፎቶ የሚታተምበት የፊልም ቁራጭ፣ በፖስታ እንደታሸገ ተገኘ፤ ፖስታው ላይ «ከግራ ወደ ቀኝ» ተብሎ አራት ስም ተጽፏል። አዘጋጆቹ ደስ አላቸው። ፎቶ ቤት ወስደው አሳተሙት፣ የእያንዳንዱን ፊት ለየብቻ ቆርጠው በየሰሌዳው ላይ አስቀመጡ፣ ከሥሩ ስም አስቀረጹ። ከአራቱ በሕይወት የነበሩት የመጨረሻውን መቶ ሜትር የሮጡት አዛውንት ብቻ ናቸው። ለሌሎቹ ልጆቻቸው ተቀበሉ።

ኔጌቲቩ ለካ ተገልብጦ ነበር የታተመው። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኗል። አዛውንቱ መድረክ ላይ ወጥተው የራሳቸውን ስም ከባልንጀራቸው ፊት ሥር አነበቡ። የዚያ ባልንጀራቸው ልጅ ደግሞ አባቷን በወጣትነቱ አይታው አታውቅም፤ ቤታቸው የቀረው የሽምግልናው ፎቶ ብቻ ነው። ሰሌዳውን ስትቀበል እንባዋ መጣ፣ ሳመችውም። የሳመችው የአዛውንቱን ፊት ነው። እርሳቸው እጅ ነሥተው ወረዱ፤ ለአዘጋጆቹ የነገሩት እሷ ከሄደች በኋላ ነው፤ «እንዳትነግሯት» ብለውም አስማሏቸው። አልተነገራትም። ያዩት ሰዎች የአዛውንቱን ጨዋነት እስከ ዛሬ ያነሣሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጨዋነታቸው ጨዋነት ነው፤ ግን አንዲት ሴት የሌላ ሰው ፊት አባቴ ብላ ግድግዳዋ ላይ ሰቅላ ትኑር ማለት ምን ዓይነት ማክበር ነው? በማግስቱ ሌላ ሰሌዳ አሠርቶ፣ ሽማግሌ ይዞ ሄዶ፣ እውነቱን መንገር ይገባ ነበር።

ስሕተቱን ለመያዝ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ በበቃ። ኔጌቲቭ አንጸባራቂና ደብዛዛ ገጽ አለው። አንጸባራቂው ወደ እናንተ ሲዞር በፊልሙ ጠርዝ ያለው ቁጥርና ጽሑፍ ቀጥ ብሎ ይነበባል። ጽሑፉ ከተገለበጠ ምስሉም ተገልብጧል። ጠርዙ ከተቆረጠ ልብስ ተመልከቱ፤ የወንድ ሸሚዝ የለባሹ የግራ ጨርቅ ከላይ ተደርቦ ነው የሚቆለፈው። ከጀርባ ያለው ሕንፃ ዛሬም ቆሞ ከሆነ ፎቶውን ይዛችሁ እቦታው ድረስ ሂዱና አስተያዩ። እናንተ ኔጌቲቭ በዓይናችሁ አላያችሁ ይሆናል፤ ስልካችሁ ግን በፊት ካሜራው ያንኑ ሊያደርግ ይችላል። የድሮ ፎቶ ስታነሡ በኋላው ካሜራ ይሁን፤ የተጻፈበትን ጀርባውንም አንሡ። ዘንድሮ ሁሉም ሰው ፎቶ ያነሣል፣ ስምና ቀን የሚጽፍበት ግን አንድም የለም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የእናንተን የሚያከብር ትውልድ ምን ሊያገኝ ነው?

ወደ ሥራው ልግባ። መጀመሪያ ወረቀት። የሬጅስትራር መዝገብ ሰውየው በየትኛው ዓመት ገብቶ በየትኛው እንደተመረቀ ይነግራችኋል፤ ውጤቱን ግን አይነግራችሁም። ውጤት ያለው በስፖርት ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ፣ በምረቃ መጽሔትና በጋዜጣ ነው። የአዲስ ዘመንን የድሮ እትሞች ለማገላበጥ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) መሄድ ይኖርባችኋል። ስትፈልጉ ተቋሙ በዘመኑ ይጠራበት በነበረው ስም ፈልጉ። የዓለማያ ኮሌጅ ተማሪ የነበረን ሰው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ብላችሁ ብትፈልጉት በድሮ ወረቀት ላይ አታገኙትም። በ1967 እና በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪው ዕድገት በኅብረት ዘመቻ ላይ ስለነበር የውጤት መዝገቡ ባዶ ቢሆን አትደነቁ፤ ስፖርተኛው ሰነፍ ሆኖ አይደለም።

ቀን ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ከፈረንጁ ዓመት ሰባት መቀነስ ብቻ አይበቃም፤ ከጃንዋሪ 1 (ከታኅሣሥ መገባደጃ) እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ነው የሚቀነሰው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ያሸነፈበት ቀን በፈረንጅ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። ሰባት ቀንሶ 1953 ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም። ቀኑ ግን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። በነሐስ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር አስቀርጹ፣ ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. የሚለውንም አትርሱ።

ውጤቱን እንዳለ ጻፉ፣ አታሳምሩት። በእጅ ሰዓት፣ ማለትም ሰዓት ያዡ በጣቱ ተጭኖ በሚያስቆመው ሰዓት፣ የተያዘ የ100 ሜትር 10.8 ሴኮንድ ከዛሬው የኤሌክትሮኒክስ ሰዓት ጋር ሲነጻጸር 0.24 ይጨመርበትና 11.04 ያህል ይሆናል፤ ለ400 ሜትር የሚጨመረው 0.14 ነው። ይህ ለማነጻጸር እንጂ ለመቅረጽ አይደለም። ሰሌዳው ላይ «10.8 በእጅ ሰዓት» ይባላል፣ አለቀ። የጦር ውርወራ ውጤትማ ጭራሽ አይነጻጸርም፤ የወንዶች ጦር በ1986 እ.ኤ.አ. የክብደት ማዕከሉ ወደ ፊት እንዲመጣ ተደርጎ ስለተለወጠ የድሮው ጦር ራቅ ብሎ ይወድቅ ነበር። ያኔ የ400 ሜትር መም (የመሮጫ ትራክ) ያልነበረው ኮሌጅም ብዙ ነው። በ300 ሜትር ሣር ሜዳ ላይ የተሮጠ 1500 አምስት ዙር ነው፤ ጥምዝምዙ ስለሚበዛ ሰዓቱ ይዘገያል። ይህንን በቅንፍ መጻፍ ሰውየውን ማክበር ነው።

አሁን ወደምናደድበት ልምጣ። መራጭ ኮሚቴዎች «ኦሎምፒክ ሄዷል ወይ?» ብለው ይጀምራሉ። ኢትዮጵያ በሞንትሪያል፣ በሎስ አንጀለስና በሴኡል አልተወዳደረችም። በ1968 ዓ.ም. ጉልበቱ የደረሰ ሯጭ በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ካልደረሰ እስከ ባርሴሎና በር አልተከፈተለትም። ሴቶቹ ደግሞ የባሰ ነው። የሴቶች 1500 ሜትር ኦሎምፒክ የገባው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው፣ ማራቶን በ1984፣ 10,000 በ1988። ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. በ10,000 ስታሸንፍ ርቀቱ ለሴቶች ገና ሁለተኛው ኦሎምፒኩ ነበር። ስለዚህ አንዲት መምህርት በኮሌጅ ዘመኗ 800 ሜትር ብቻ ሮጣ ከሆነ «ረጅም አልሮጠችም» አትበሉ። በዚያ ዓመት ምን ውድድር ተከፍቶላት እንደነበር ጠይቁ።

የመራጮቹ ቁጥር ጎደሎ ይሁን፤ አምስት ጥሩ ነው። ከአምስቱ አንዱ የድሮ ዳኛ ወይም ሰዓት ያዥ ቢሆን ስንት ጭቅጭቅ ያሳጥራል። በዓመት ከሰባት ሰው በላይ አትሰይሙ፤ ሠላሳ ሰው አንድ ቀን ካስነሣችሁ ማንም የማንንም ታሪክ አይሰማም። ዱላ ቅብብል እንደ አንድ ይቆጠር፣ ግን በማጣሪያ ሮጦ በፍጻሜው የተተካው ልጅም ይጻፍ፤ ኦሎምፒክ እንኳ ለማጣሪያ ሯጮች ሜዳሊያ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ውጤት የተጻፈ ማስረጃ ይኑር፤ ያለ ወረቀት ማንም አይሰየም። ይህን ካልኩ በኋላ፣ መዝገቡ በእሳት ወይም በምስጥ ያለቀበት ኮሌጅ አለ፤ እዚያ አብረው የተወዳደሩ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ተጠይቀው ቃላቸው ከገጠመ እቀበላለሁ። ለየብቻ ነው ያልኩት። አብረው ቡና እየጠጡ ከተጠየቁ አንዱ የሌላውን ይደግማል።

ስሙን ከማስቀረጻችሁ በፊት ባለቤቱ በገዛ እጁ ይጻፈው፤ ኃይሌ በየትኛው ሀ፣ ፀሐይ በየትኛው ጸ እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እስከ አያት ይጻፍ። ማዕረግ ካላቸው ይጨመር። የነሐስ ሥራ ሰባት ቀን ይፈጃል ቢሏችሁ ሦስት ሳምንት ስጡት፤ የመጀመሪያው ናሙና ያለ እርማት አይወጣም።

በዕለቱ ሽማግሌዎቹን ሜዳ ዙሩ አትበሏቸው፤ ደጋፊ ድርጅት ለካሜራ ብሎ ይጠይቃል፣ እምቢ በሉ። ደረጃ በሌለው በር አስገቧቸው፤ መጸዳጃ ቤቱ ቅርብ ይሁን። ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ የጾም ምግብ ዋናው እንጂ የጎን አይሁን። የክብር እንግዳው ቢዘገይም በሰዓቱ ጀምሩ። ካባ ወይም ጋቢ የሚያለብሰው ባለሥልጣን ሳይሆን አብሮ የሮጠ ሰው ቢሆን እመርጣለሁ።

የቀጣዩን ዓመት የጥቆማ ቅጽ ከነእስክሪብቶው ምሳው የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የተጠቋሚው ስም፣ የገባበት ዓመት፣ ውድድሩ፣ «ሌላ ማን ያውቃል?» የሚል መስመርና የጠቋሚው ስልክ። የድሮ ስፖርተኛ ከባልንጀሮቹ ጋር ሲቀመጥ የሚያስታውሰውን ቤቱ ሄዳችሁ ብትጠይቁት አያስታውሰውም፤ ስለዚህ ሳይበተኑ ሰብስቡት።