ከነቆዳው የተጠበሰ ዶሮ በመብላቴ ረክሻለሁን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ጾም ባልሆነ ቀን የሥራ ባልደረቦቼ አናንዴል ወደሚገኝ አነስተኛ የኮሪያ ምግብ ቤት ወስደውኝ የተጠበሰ ዶሮ በላሁ። ዶሮው ከነቆዳው ነበር፤ በሎሚ ይታጠብ አይታጠብ፣ ማን ይረደው ማን አላውቅም። ቤት ስገባ ሕሊናዬ ወቀሰኝ፤ ከዚያ ወዲህም ከመቁረብ ቀርቻለሁ። አሁን ደግሞ ለመጪው ዓርብ ጋብዘውኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ካነሣሽው ሁሉ ያሳዘነኝ ከቁርባን መቅረትሽ ነው። ምግቡንስ አውቀዋለሁ፤ ኮሪያውያን ዶሮውን በስሱ ዱቄት ለውሰው ሁለት ጊዜ በዘይት ይጠብሱታል፤ በሁለተኛው ጊዜ የቆዳው ስብ ቀልጦ ይወጣና ላዩ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ከዚያም ከበርበሬ፣ ከሩዝና ከቦካ አኩሪ አተር በተዘጋጀ ድልህ መሳይ ማባያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ስኳር ተጨምሮበት ይታሻል። በዚህ ውስጥ ነፍስን የሚያረክስ ነገር አላየሁም። ቆዳውን መግፈፍ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ፣ በ12 ብልት ማውጣት የእናቶቻችን ባልትና ነው፤ እኔም ደስ ይለኛል፤ ይህን ያልጠበቀ ንስሐ ይግባ የሚል ቀኖና ግን የለንም።

የአራጁ ነገር ከዚህ ይከብዳል። ክርስቲያን በሥላሴ ስም ባርኮ ያረደውን መብላት ከአባቶች የተቀበልነው ልማድ ስለሆነ አልንቀውም፤ ሀገር ቤት ያለ ሰው ቢጠይቀኝ በዚያው እንዲጸና እመክረዋለሁ። አንቺን ግን ልጠይቅሽ፤ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ የሠራሽበት ዶሮ ከየት መጣ? በፋብሪካ ታርዶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሱፐርማርኬት ማቀዝቀዣ የተገዛ አይደለምን? ያንን ሽንኩርት አቁላልተሽ፣ በበርበሬና በንጥር ቅቤ ስትሠሪው አራጁ ትዝ አላለሽም፤ አናንዴል ላይ ሲሆን ትዝ አለሽ። እንግዲያውስ ያስደነገጠሽ የምግቡ ባዕድነት ነው። ይህን በውጭ ሀገር ካሉ ምእመናን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ የለመድነውን ንጹሕ፣ ያልለመድነውን ርኩስ እያልን ምላሳችንን በሃይማኖት ላይ ዳኛ እናደርገዋለን።

ቅዱስ ጳውሎስ፣ የጣዖት መሥዋዕት ሥጋ ገበያ ይወጣባት በነበረችው በቆሮንቶስ ለሚኖሩ ክርስቲያኖች «በሥጋ ገበያ የሚሸጠውን ሁሉ ከሕሊና የተነሣ ሳትመራመሩ ብሉ» (1ኛ ቆሮ. 10፥25) ብሎ ጻፈላቸው። ወሰንም አበጀለት፤ ለጣዖት የተሠዋ መሆኑን የሚነግራችሁ ሰው ካለ ተዉት አለ። ከኮሪያውያን መካከል በአዲስ ዓመታቸውና ቹሶክ በሚሉት የመከር በዓላቸው ለሞቱ አያቶቻቸው ማዕድ የሚያቀርቡ ቤተሰቦች አሉ፤ ከዚያ ማዕድ ብትጋበዢ በትሕትና እምቢ በዪ። በምግብ ቤት በዋጋ የሚሸጥ ጥብስ ግን ከዚያ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ይልቅስ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ስለ ቆዳውና ስለ ሎሚው ስትጽፊ፣ አማትበሽና ጸልየሽ ስለ መብላትሽ አንድ ቃል አላነሣሽም። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ ምግብ በእግዚአብሔር ቃልና በጸሎት እንደሚቀደስ ጽፎለታል (1ኛ ጢሞ. 4፥5)፤ ስለዚህ በባልደረቦችሽ ፊት ማማተብ አፍረሽ ከሆነ ለንስሐ አባትሽ የምትነግሪው እርሱን ነው። ከሁሉም የሚብሰው ግን ማንም ሳያግድሽ ራስሽን ከሥጋ ወደሙ ማገድሽ ነው። ቀኖና የሚሰጥሽ ካህን እያለ አንቺው ከሳሽ፣ አንቺው ዳኛ ሆንሽ፤ ይህን ትሕትና አትበዪው። ፍርሃትሽን ይዘሽ ከቤት ስትቀሪ፣ እርሱ «በርቺና ቅረቢ» ሊልሽ የሚችልበትን ዕድል ነው የነፈግሽው። በዚህ ሳምንት ሂጂና ዶሮውንም፣ እፍረቱንም፣ መቅረትሽንም ንገሪው፤ የሚልሽንም ሳትጨምሪና ሳትቀንሺ ፈጽሚ።

የዓርቡን ግብዣ በተመለከተ «ድንች ጥብስ ብቻ እበላለሁ» ብለሽ እንዳትሄጂ፤ በእንዲህ ያሉ ቤቶች ድንቹ ዶሮው በተጠበሰበት ዘይት ሊጠበስ ይችላልና። ቀኑን ወደ ቅዳሜ እንዲያዛውሩልሽ ለምኛቸው፤ ምክንያቱን ቢጠይቁሽም ሳታፍሪ «ዓርብ እጾማለሁ» በያቸው።