የድሮ ፍሎፒ ላይ የቀረ የአማርኛ ጽሑፍ እንዴት ይወጣል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአባቴ ጽሑፎች ያሉባቸው 3.5 ኢንች ፍሎፒዎች አሉኝ። በዩኤስቢ ማንበቢያ ስከታቸው ዊንዶውስ ፎርማት ላድርግ ወይ ይለኛል። እሺ ልበለው?

መልስ፦ በፍጹም! ይህ የሚመጣው የመጀመሪያው ሴክተር (የዲስኩ ትንሽ ክፍል) አልነበብ ሲል ወይም ዲስኩ የማኪንቶሽ ሲሆን ነው፤ ጽሑፉ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው አለ። መጀመሪያ ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ገፍተው ቀዳዳውን ይክፈቱ፤ ያኔ ኮምፒውተሩ ሊጽፍበት አይችልም። ፋይል በፋይል ከመገልበጥ ይልቅ ሊኑክስ ላይ ዲዲሬስኪዩ (ddrescue) በሚባለው ፕሮግራም ሙሉ ዲስኩን ወደ አንድ ኢሜጅ፣ ማለትም የዲስኩ ሙሉ ግልባጭ ወደሆነ ፋይል፣ ይቅዱ። የ1.44 ሜጋባይት ዲስክ ኢሜጅ ልክ 1,474,560 ባይት ነው። ያልተነበቡት ሴክተሮች ፕሮግራሙ በሚይዘው መዝገብ፣ በማፕ ፋይሉ፣ ይመዘገባሉ፤ ያንኑ ማፕ ይዘው በሌላ ድራይቭ ሲደግሙት የቀሩትን ብቻ ይሞክራል። የድራይቮች ሄድ (ዲስኩን የሚያነበው ክፍል) አቀማመጥ ስለሚለያይ አንዱ ያቃተውን ሌላው ያነባል።

ጥያቄ፦ የኔ ትልልቆቹ ናቸው፣ 5.25 ኢንች።

መልስ፦ ለእነሱ ተራው የዩኤስቢ ማንበቢያ አይሆንም። ባለ 34 ፒን የድሮ ድራይቭ፣ 5 እና 12 ቮልት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይና ድራይቩን በዩኤስቢ ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘው ግሪስዊዝል (Greaseweazle) የሚባለው ሰሌዳ ያስፈልጋል። የ1.2 ሜጋባይት ድራይቭ የ360 ኪሎባይቱንም ዲስክ ያነባል። እዚህ ጥበቃው ተቃራኒ ነው፤ የጎኑን ቆረጣ በፕላስተር ይሸፍኑት።

ጥያቄ፦ አንዳንዶቹ ሻግተዋል።

መልስ፦ እንዲሁ አይክተቷቸው፤ ሻጋታው ሄዱ ላይ ተለጥፎ ቀጣዩንም ዲስክ ይፍቃል። የ3.5 ኢንቹን የብረት ክዳን ወደ ጎን ይዘው፣ መሀሉን በጣት እያዞሩ፣ በ99% አይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ የጆሮ ጥጥ ሁለቱንም ገጽ ሳይጫኑ ይጥረጉ። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይክተቱ። ድራይቩ ከጮኸ ወዲያው ያውጡት፤ ቡናማው ሽፋን እየተላጠ ነው፣ የተላጠው ደግሞ በምንም አይመለስም። ሄዱንም በዚያው አልኮል ያጽዱ።

ጥያቄ፦ ፋይሎቹ ወጡልኝ፣ ግን አማርኛው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኗል። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ የሆነው የኮድ ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 ስሪት ነው። ከዚያ በፊት ፎንቶቻችን ፊደሉን የሚያስቀምጡት በላቲን ኮዶች ቦታ ነበር። ቦታው ቢበዛ 256 ነው፤ 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት ብቻ 231 ይሆናሉ፣ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ይጠባል። ስለዚህ ብዙዎቹ አንዱን ፊደል ገበታ በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ከፋፈሉት። አንዱ ኮድ በአንደኛው ፎንት አንድ ፊደል፣ በሁለተኛው ሌላ ነው ማለት ነው።

የፎንት ስም የማይዘው ኖትፓድ ላይ እንዳይገለብጡት የምለው ለዚህ ነው፤ የፎንቱ ስም ከጠፋ የትኛው ፊደል የትኛው እንደነበር መለየት ይቸግራል። ዎርድ ላይ ጽሑፉን ሲመርጡ የፎንቱን ስም፣ ፎንቱ ባይኖርዎትም፣ ያሳይዎታል። ያንን ፎንት ፈልገው ይጫኑ፣ ሲነበብ ወዲያው ፒዲኤፍ ያድርጉት፣ ከዚያ ለዚያው ፎንት በተሠራ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ይለውጡ። ሲያርሙ ዓይንዎን ከ«ጐ»፣ «ኳ»፣ «፲» እና «፤» ላይ አያንሱ፤ ስህተቱ የሚበዛው እነሱ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ አዲሱ ዎርድ ፋይሉን አልከፍትም ይላል።

መልስ፦ የዎርድ 95ንና ከዚያ በፊት ያሉትን ስለሚያግድ ነው። ሊብሬኦፊስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይከፍተዋል። የሚሠሩት ግን በቅጂው ላይ ይሁን፤ ኢሜጁን ሳይነኩ ሁለት ቦታ ያስቀምጡት።